የመድን ኢንዱስትሪ ለታዳጊ አገሮች የኢኮኖሚ ዕድገት ያለው አስተዋጽኦ

መግቢያ

መድን በብዙዎች ዘንድ የሚታወቀው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ካሣ የሚከፈልበት አገልግሎት ሆኖ ነው። ይህ አመለካከት ትክክል ቢሆንም የተሟላ አይደለም። መድን ለኢኮኖሚ ዕድገት የሚያደርገው አስተዋጽኦ በአብዛኛው የሚጀምረው ጉዳት ከመድረሱ በፊት ነው። አርሶ አደሩ ማዳበሪያ ለመግዛት፣ ነጋዴው ዕቃ ለማስመጣት፣ ባንኩ ለማበደር፣ ባለሀብቱም ፋብሪካ ለማቋቋም በሚወስኑበት ጊዜ በፊታቸው የሚቆመው ጥያቄ አንድ ነው፤ ያሰብኩት ሳይሳካ ቢቀር ማን ይደርስልኛል የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ አስተማማኝ መልስ በሌለበት አገር ብዙ ሊሠሩ የሚችሉ ሥራዎች ሳይጀመሩ ይቀራሉ።

እ.ኤ.አ. በ1964 በጄኔቫ የተካሄደው የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የልማት ጉባኤ፣ ጤናማ አገራዊ የመድንና የጠለፋ መድን ገበያ ከኢኮኖሚ ዕድገት ጋር የማይነጣጠል መሆኑን ተቀብሏል። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዐሥርት ዓመታት በአብዛኞቹ ታዳጊ አገሮች የመድን ተደራሽነት ዝቅተኛ እንደሆነ ቆይቷል። በአፍሪካ ከሚሰበሰበው ዓመታዊ አረቦን ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው በአንድ አገር፣ በደቡብ አፍሪካ ነው። በኢትዮጵያ ዓመታዊው አረቦን ከአገሪቱ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ጋር ሲነጻጸር ከ1 በመቶ በታች ነው።

ይህ ጽሑፍ መድን ዕድገትን የሚደግፍባቸውን መንገዶች፣ ጥናቶች ያረጋገጡትን፣ የኢትዮጵያንና የሌሎች አገሮችን ተሞክሮ እንዲሁም የዘርፉን እንቅፋቶች በአጭሩ ያብራራል። የኢትዮጵያ ሕጎችና ተቋማት በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር፣ ሌሎቹ እ.ኤ.አ. ተብለው ቀርበዋል።

የመድን ምንነት

መድን ማለት ብዙ ሰዎች በየግላቸው ሊሸከሙት የማይችሉትን ስጋት በጋራ የሚሸከሙበት ሥርዓት ነው። መድን ገቢው አረቦን የተባለውን የተወሰነ ገንዘብ አስቀድሞ ይከፍላል፤ መድን ሰጪው ደግሞ በውሉ የተመለከተው አደጋ ሲደርስ ካሣ ለመክፈል ይገደዳል። አደጋው በእያንዳንዱ ሰው ላይ መቼ እንደሚደርስ ማወቅ ባይቻልም፣ ከብዙ ሺህ ሰዎች መካከል በዓመት በስንቱ ላይ እንደሚደርስ ግን በተቀራራቢነት መገመት ይቻላል። የመድን ሥራ የሚቆመው በዚህ ስሌት ላይ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ እንግዳ አይደለም። እድር አባላቱ በየወሩ መዋጮ እየከፈሉ በሐዘን ጊዜ የሚረዳዱበት፣ ደንብና ዳኛ ያለው የመተጋገዣ ማኅበር ነው። የእድር ጥንካሬ አባላቱ በቅርብ ስለሚተዋወቁ ማታለል አስቸጋሪ መሆኑ ነው። ይኸው ቅርበት ግን የአቅሙ ወሰንም ነው። አንድ ቤት ሐዘን ሲደርስበት ጎረቤት ይደርሳል፤ ድርቅ ወይም ጎርፍ አካባቢውን በሙሉ ሲመታ ግን ረጂውም ተረጂ ይሆናል። ዘመናዊ መድን ከእድር የሚለየው ስጋቱን ከአንድ ሰፈር አውጥቶ በአገር፣ በጠለፋ መድን አማካይነት ደግሞ በዓለም ደረጃ ማከፋፈል በመቻሉ ነው። ጠለፋ መድን ማለት መድን ሰጪው ራሱ የተሸከመውን ስጋት በከፊል ለሌላ መድን ሰጪ የሚያስተላልፍበት አሠራር ነው።

መድን ዕድገትን የሚደግፍባቸው መንገዶች

አንደኛ፣ የኢንቨስትመንት ውሳኔን ያደፋፍራል። መድን የሌለው ቤተሰብ ስጋቱን የሚቀንሰው ገቢውን በመቀነስ ነው። ብዙ ምርት የሚሰጠውን ነገር ግን በዝናብ እጥረት የሚጎዳውን ሰብል ትቶ አነስተኛ ምርት የሚሰጠውን ይዘራል፤ በብድር ማዳበሪያ ከመግዛት ይቆጠባል። በኢትዮጵያ ገጠር በተሰበሰበ የቤተሰብ መረጃ ላይ ተመሥርተው ስቴፋን ዴርኮንና ሉክ ክርስቲያንሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት፣ ምርት ቢጠፋ የቤተሰብ ፍጆታ ይወድቃል የሚለው ስጋት አርሶ አደሮች ማዳበሪያ እንዳይጠቀሙ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። ይህ ዓይነቱ ኪሣራ በማንኛውም የጉዳት መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ ያልተዘራ ሰብል ጠፋ ተብሎ አይቆጠርምና።

ሁለተኛ፣ የረጅም ጊዜ ቁጠባን ያሰባስባል። በተለይ የሕይወት መድን ውሎች ለዐሥርና ለሃያ ዓመታት የሚቆዩ በመሆናቸው፣ ገንዘቡ ለመንገድ፣ ለኃይል ማመንጫና ለቤት ግንባታ ሊውል ይችላል። በህንድ እ.ኤ.አ. በ1956 ከ240 የሚበልጡ መድን ሰጪዎችና መሰል ድርጅቶች ተዋሕደው የተቋቋመው የሕይወት መድን ኮርፖሬሽን የአገሪቱን መንግሥት የዕዳ ሰነዶች በብዛት ከሚገዙት ተቋማት አንዱ ነው።

ሦስተኛ፣ ብድርንና ንግድን ያቀላጥፋል። ባንክ በመያዣ የተቀበለው ሕንፃ፣ ማሽን ወይም ተሽከርካሪ በእሳት ወይም በግጭት ቢጠፋ ብድሩ ዋስትና ያጣል፤ መድን ያለው ንብረት ግን ይህን ስጋት ይቀንሳል። በባሕርና በየብስ የሚጓጓዝ ዕቃም እንዲሁ ነው። ወደብ የሌላቸው አገሮች ዕቃ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝና በመንገድ ላይ ደጋግሞ ስለሚራገፍ የጭነት መድን ለእነርሱ ይበልጥ አስፈላጊ ነው።

አራተኛ፣ ከጉዳት በኋላ ማገገምን ያፋጥናል። አንድ የአነስተኛ ኢንተርፕራይዝ ባለቤት ሱቁ ቢቃጠልበት ያለ ካሣ ወደ ሥራ ለመመለስ ዓመታት ሊፈጅበት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሠራተኞቹ ሥራ፣ መንግሥትም ግብር ያጣሉ።

አምስተኛ፣ አደጋ መከላከልን ያበረታታል። መድን ሰጪው የእሳት ማጥፊያ ላለው መጋዘን ወይም ካሣ ጠይቆ ለማያውቅ አሽከርካሪ አረቦን ሲቀንስ፣ ጥንቃቄ ማድረግ ገንዘብ የሚያስገኝ ተግባር ይሆናል።

ጥናቶች ያረጋገጡት

መድን ዕድገትን ያመጣል ወይስ ዕድገት መድንን የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። ሀብታም አገሮች ብዙ የሚጠበቅ ንብረት ስላላቸው ብዙ መድን ይገዛሉ፤ ስለሆነም ሁለቱ አብረው መገኘታቸው ብቻውን የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ አያሳይም። ማርኮ አሬና 55 አገሮችን ከ1976 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ መርምረው በ2008 ያሳተሙት ጥናት የመድን ሥራ ለዕድገት ምክንያት እንደሚሆን የሚያሳይ ማስረጃ አቅርቧል። በጥናቱ መሠረት የሕይወት መድን ውጤት ጎልቶ የታየው ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ሲሆን፣ ንብረትንና ኃላፊነትን የሚሸፍነው ጠቅላላ መድን ግን በታዳጊ አገሮችም ዕድገትን ደግፏል።

ይህ ግኝት ለፖሊሲ ቅደም ተከተል ትርጉም አለው። የዋጋ ንረት ከፍተኛ በሆነበት አገር ከሃያ ዓመት በኋላ የሚከፈል የተወሰነ ገንዘብ የመግዛት አቅሙን ስለሚያጣ፣ የሕይወት መድን ቁጠባን የመሳብ ኃይሉ ይዳከማል። የዓመት ውል የሆነው የንብረት፣ የጭነትና የሰብል መድን ግን ለዚህ ችግር የተጋለጠው በመጠኑ ነው።

በገበሬዎች ደረጃ የተደረጉ ሙከራዎችም ተመሳሳይ ነገር ያሳያሉ። በሰሜን ጋና ዲን ካርላንና ባልደረቦቻቸው ባደረጉትና በ2014 እ.ኤ.አ. በታተመው ሙከራ፣ ለአንዳንድ ገበሬዎች ጥሬ ገንዘብ፣ ለአንዳንዶቹ የዝናብ መድን፣ ለሌሎቹ ሁለቱም ተሰጥቷል። መድን ያገኙት ገበሬዎች በእርሻቸው ላይ የሚያወጡትን ገንዘብ ጨምረዋል። የጥናቱ መደምደሚያ ገበሬውን ይበልጥ አስሮ የያዘው የገንዘብ እጥረት ሳይሆን ያልተሸፈነ ስጋት መሆኑ ነው። ስጋቱ ሲቀነስለት ገበሬው ገንዘቡን ከሌላ ምንጭ አግኝቶታል።

የኢትዮጵያ የመድን ዘርፍ ጉዞ

ዘመናዊ መድን ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የአቢሲኒያ ባንክ ለውጭ መድን ሰጪዎች ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር መድን መሸጥ በጀመረበት ጊዜ ነው። በ1943 ዓ.ም. የኢምፔሪያል ኢንሹራንስ ኩባንያ የመጀመሪያው አገር በቀል መድን ሰጪ ሆኖ ተቋቋመ። በ1967 ዓ.ም. በሥራ ላይ የነበሩት 13 መድን ሰጪዎች በደርግ መንግሥት ተወረሱ፤ በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅትም ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ ብቸኛው መድን ሰጪ ሆኖ ቆየ።

የመድን ሥራን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 86/1986 ዘርፉን ለኢትዮጵያውያን የግል ባለሀብቶች ከፈተ። ይህ አዋጅ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 746/2004 ተተክቷል። ፈቃድ የመስጠትና የመቆጣጠር ሥልጣን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ነው። በአሁኑ ጊዜ ከመንግሥታዊው ድርጅት ጋር ከአሥራ አምስት የሚበልጡ መድን ሰጪዎች ይሠራሉ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ጠለፋ መድን አክሲዮን ማኅበር ደግሞ ቀደም ሲል በውጭ ምንዛሪ ወደ ውጭ ይሄድ የነበረውን አረቦን በከፊል በአገር ውስጥ ለማስቀረት አስችሏል። በአህጉር ደረጃም የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋሙትና ዋና መሥሪያ ቤቱ በሌጎስ የሚገኘው የአፍሪካ ጠለፋ መድን ኮርፖሬሽን ይኸው ዓላማ አለው።

በዘርፉ ከሚሰበሰበው አረቦን ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የተሽከርካሪ መድን ነው። የሕይወት መድን ድርሻ አነስተኛ ሲሆን፣ አብዛኛው ሕዝብ የሚተዳደርበት ግብርና የሚያገኘው ሽፋን ደግሞ እጅግ ዝቅተኛ ነው። የኢኮኖሚውን ትልቅ ስጋት የሚሸከመው ክፍል ከሽፋኑ ትንሹን ድርሻ ማግኘቱ የዘርፉ ዋነኛ ክፍተት ነው።

ሕግ የመድን ሽፋንን ሊያሰፋ እንደሚችል ግን የሦስተኛ ወገን መድን ያሳያል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህን ሽፋን ሳይዝ በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ይከለክላል። በአዋጁ መሠረት የተደራጀው የመድን ፈንድ ገጪው ተሽከርካሪ ሳይታወቅ ሲቀር ወይም መድን የሌለው ሆኖ ሲገኝ ተጎጂው ካሣ የሚያገኝበትን መንገድ ያመቻቻል። ለዕለት ጉርሱ የሚሠራ እግረኛ ሲገጭ ቤተሰቡ አብሮት እንዳይወድቅ የሚያደርግ በመሆኑ፣ ይህ ሽፋን ከፍ ካለ ማኅበራዊ ጥቅም ጋር የተያያዘ ነው።

የግብርናና የእንስሳት መድን ተሞክሮዎች

የአነስተኛ ማሳ ባለቤቶችን በተለመደው መንገድ መድን መስጠት አስቸጋሪ ነው። የእያንዳንዱን ማሳ ጉዳት ለመገመት ባለሙያ መላክ ከአረቦኑ የበለጠ ወጪ ያስከትላል። ለዚህ መፍትሔ ሆኖ የቀረበው የጠቋሚ መድን ነው። በዚህ አሠራር ካሣ የሚከፈለው በማሳው ላይ የደረሰው ጉዳት ተለክቶ ሳይሆን፣ በአካባቢው የተመዘገበው ዝናብ ወይም ከሳተላይት የታየው የግጦሽ ልምላሜ በውሉ ከተወሰነው መጠን በታች ሲወርድ ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ መስክ ቀደምት ከሆኑት አገሮች አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከአንድ የፈረንሳይ ጠለፋ መድን ኩባንያ ጋር በተዋዋለው ሙከራ፣ 930 ሺህ ዶላር አረቦን ተከፍሎ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ድርቅ ቢከሰት እስከ 7.1 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ካሣ እንዲከፈል ተስማምተው ነበር። መለኪያው በ26 የሚቲዎሮሎጂ ጣቢያዎች የሚመዘገበው ዝናብ ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ በቂ በመሆኑ ካሣ አልተከፈለም፤ ሙከራው ግን የአገር ድርቅ በመድን ገበያ ሊሸፈን እንደሚችል አስመሰከረ።

እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ ክልል አዲ ሓ በተባለች መንደር በ200 ቤተሰቦች የተጀመረው የሰብል መድን መርሐ ግብር ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። አረቦን ለመክፈል ገንዘብ ያልነበራቸው አርሶ አደሮች በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ በሚያበረክቱት ጉልበት እንዲከፍሉ ተደረገ። በዚህም አርሶ አደሩ ሽፋን ሲያገኝ፣ መሬቱ ድርቅን የመቋቋም አቅሙ ጨመረ። መርሐ ግብሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ቤተሰቦችን አቅፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በዝናብ እጥረት ለተጎዱ ከ12 ሺህ የሚበልጡ አርሶ አደሮችም ካሣ ተከፍሏል።

ለአርብቶ አደሮች የተዘጋጀው የእንስሳት ጠቋሚ መድን በሰሜን ኬንያ ማርሳቢት እ.ኤ.አ. በ2010 ተጀምሮ በ2012 ወደ ቦረና ተስፋፍቷል። በማርሳቢት በ2011 ድርቅ ወቅት የተደረገ ጥናት፣ መድን የነበራቸው ቤተሰቦች በችግር ምክንያት ከብቶቻቸውን ከመሸጥና የምግብ ፍጆታቸውን ከመቀነስ መዳናቸውን አመልክቷል። ለአርብቶ አደር የምትሸጠው ጊደር የነገ ገቢው ናትና፣ ከሽያጭ መትረፏ ቤተሰቡን ከዘላቂ ድህነት ይጠብቃል።

በአገር ደረጃ የሚደርስ አደጋ

ድርቅ፣ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ የመንግሥትን በጀት ጭምር ያናጋሉ። ለትምህርት ቤትና ለመንገድ የተመደበ ገንዘብ ወደ አስቸኳይ ዕርዳታ ሲዞር የዕድገት ዕቅድ ይስተጓጎላል። እ.ኤ.አ. በ2010 በሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ፣ የካሪቢያን አገሮች በ2007 በጋራ ካቋቋሙት የአደጋ መድን ተቋም አገሪቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ 7.75 ሚሊዮን ዶላር ያህል አግኝታለች። ገንዘቡ ከጉዳቱ ስፋት አንጻር እጅግ ጥቂት ቢሆንም፣ ጥቅሙ በፍጥነቱ ላይ ነበር።

በአፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመውና የአፍሪካ ኅብረት ልዩ ተቋም የሆነው የአፍሪካ የስጋት መቋቋም አቅም በ2015 መጀመሪያ በድርቅ ለተጎዱት ሴኔጋል፣ ሞሪታንያና ኒጀር በድምሩ ከ26 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። የማላዊ ሁኔታ ግን የአሠራሩን ድክመት አጋልጧል። በ2015 እና 2016 እ.ኤ.አ. የእርሻ ወቅት ማላዊ በከፍተኛ ድርቅ ብትመታም የስሌት ሞዴሉ ካሣ አይገባም የሚል ውጤት ሰጠ። በኋላ ሲጣራ ሞዴሉ ገበሬዎቹ ከዘሩት የተለየ የበቆሎ ዝርያ መሠረት አድርጎ እንደነበር ታወቀና 8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተከፈለ። ካሣው ተገቢ ቢሆንም ዘግይቶ ደርሷል።

የዘርፉ ዋና ዋና እንቅፋቶች

የመጀመሪያው የአከፋፈል ጊዜ ነው። አረቦን የሚጠየቀው በዘር ወቅት፣ ገበሬው ገንዘብ በሌለው ጊዜ ነው። በኬንያ በሸንኮራ አገዳ አምራቾች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ አረቦኑን አስቀድመው እንዲከፍሉ ከተጠየቁት መድኑን የገዙት 5 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በምርት ሽያጭ ጊዜ ከሒሳባቸው እንዲቀነስ ከተደረገላቸው ግን 72 በመቶ ገዝተዋል። ስለሆነም የሽፋን ማነስን በገበሬው ግንዛቤ እጥረት ብቻ መተርጎም ትክክል አይሆንም።

ሁለተኛው እምነት ነው። መድን ወደፊት ይፈጸማል የሚባል ቃል ኪዳን በመሆኑ፣ ካሣ የዘገየበት ወይም በማይገባው ምክንያት የተከለከለ አንድ ሰው የሰፈሩን ሁሉ እምነት ይቀንሳል። ሦስተኛው በጠቋሚው መለኪያና በማሳው ላይ በደረሰው እውነተኛ ጉዳት መካከል የሚፈጠረው አለመጣጣም ነው። አራተኛው የተሰበሰበውን አረቦን በረጅም ጊዜ ልማት ላይ ለማዋል የሚያስችል የካፒታል ገበያ አለመዳበር ነው። በኢትዮጵያ በ2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ለዚህ ክፍተት አንድ መውጫ ሊሆን ይችላል።

መድን ገቢዎች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

• ውል ከመፈረም በፊት መድን ሰጪው ወይም ወኪሉ ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያለው መሆኑን ማረጋገጥ፤
• ውሉ የሚሸፍናቸውን ብቻ ሳይሆን የማይሸፍናቸውን አደጋዎችና መድን ገቢው በራሱ የሚሸከመውን የጉዳት መጠን ጠይቆ መረዳት፤
• ስለ ንብረቱ ወይም ስለ ጤና ሁኔታ የሚጠየቀውን በትክክል መግለጽ፤ የተደበቀ መረጃ ካሣ ሊያስከለክል ይችላልና፤
• ንብረቱን ከዋጋው በታች አለማስገመት፤ ይህ ከሆነ ካሣውም በዚያው ልክ ይቀንሳል፤
• ጉዳት ሲደርስ በውሉ በተመለከተው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅና ማስረጃዎችን መጠበቅ።

ማጠቃለያ

መድን ድርቅን አያስቀርም፤ ያልነበረ ሀብትም አይፈጥርም። የሚያደርገው ሰዎች ያላቸውን አቅም ያለ ፍርሃት በሥራ ላይ እንዲያውሉ ማስቻል ነው። ከላይ የቀረቡት ተሞክሮዎች እንደሚያሳዩት ይህ ውጤት የሚገኘው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ ሽፋኑ ስጋቱን በእርግጥ ለሚሸከመው ሰው ሲደርስ፣ ካሣው በወቅቱ ሲከፈል፣ የሚሰበሰበውም አረቦን ለአገር ውስጥ ልማት ሲውል። የዘርፉ ዕድገት የሚመዘነውም በተሰበሰበው አረቦን መጠን ብቻ ሳይሆን፣ ከድርቅ ማግሥት በሬዎቹን ሳይሸጥ ለሚቀጥለው ክረምት ማሳውን ማረስ በቻለው አርሶ አደር ቁጥር ጭምር ሊሆን ይገባል።